አርአያ ሠራተኛ በዕጣ

ሰው መጠርጠር የተማርኩት ከአባቴ ነው። ሌላው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ ሱቅ ይወርሳል፤ እኔ የወረስኩት ጥርጣሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ቡልጋሪያ ሰፈር ካለችው ቤታችን ስወጣ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ሳይለኝ አይሸኘኝም ነበር። እኔም ዘመናዊ ነኝ ብዬ እስቅበታለሁ እንጂ፣ እውነቱን ልናገር፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስልክ ሲያወራ እንኳ ለማን ነው የሚያወራው ብዬ ጆሮዬን የማቆም ሰው ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ቻይንኛ ነው። ስመረቅ ካዛንቺስ፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው በኩል ፎቅ የሚሠራ አንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ዙሪያው የነበረው ሰፈር ፈርሶ አልቆ ስለነበር ሕንፃችን ገና ሁለተኛ ወለል ላይ ሳለ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሥራዬ ለሰው ቀላል ይመስላል። ኢንጂነሩ ይጮሃል፣ እኔ ጩኸቱን አለስልሼ ለሠራተኞቹ አለቃ ለካቦው እነግራለሁ፤ ካቦው ይሳደባል፣ እኔ ስድቡን ጥያቄ አስመስዬ ለኢንጂነሩ እመልሳለሁ። በቃ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ንዴት ሳበርድ ውዬ የራሴን ንዴት ይዤ ቤቴ እገባለሁ።

በሦስተኛው ወር ላይ አንድ አዲስ ሰው ከቻይና መጣ። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ የሻይ ቅጠል የሚንሳፈፍበት ጠርሙስ ከእጁ የማይለይ። ወረቀቱ ላይ “ምክትል ሥራ አስኪያጅ” ይላል። ሲሚንቶ አያዝዝም፣ ፕላን አያነብም፣ ቼክ አይፈርምም። ግን ሥራ አስኪያጃችን፣ ያ ለማንም የማይመለስ ሰውዬ፣ እሱ ሲገባ ከወንበሩ ይነሣል። ኧረ ይሄ ሰው ምንድን ነው ሥራው ብዬ ወጣቱን ኢንጂነር ጠየቅሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፓርቲው ጸሐፊ መሆኑን ነገረኝ። ሠራተኞቹ ግን የማንንም ማብራሪያ አልጠበቁም፤ በሁለተኛው ቀን “ካድሬው” ብለው ስም አወጡለት። የእኛ አገር ሰው ካድሬን በጠረኑ ይለየዋል።

ማክሰኞ ማክሰኞ የፓርቲው አባላት፣ ስምንት ሆነው፣ ኮንቴይነሩ ቢሮ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ እኔ ውጪ እባላለሁ። ግን ክፍሉን የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ነው፣ ጆሮ ደግሞ መዝጊያ የለውም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በራሱ አፍ ሲዘረዝር ሰማሁት። የበላይ ኮሚቴው አንድ ወለል በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት ወስኖ ልኳል፤ እሱ ቃል ገብቷል፤ ቃሉን አልጠበቀም። በሠራተኛው ላይ መጮህ እንጂ ሠራተኛውን ማነሣሣት አላወቀበትም። ይሄን ሁሉ ከደብተሩ ላይ እንደ ተማሪ እያነበበ ነው የሚናገረው። ሌሎቹ ተራ በተራ ይጨምሩበታል፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይጽፋል። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ያን የመሰለ ሰው እንዲህ የሚያንበረክክ ኃይል ወደ እኛ ሲዞር ምን ሊያደርገን ነው ብዬ አሰብኩ።

ብዙም አልቆየ። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ተሰለፈና ጸሐፊው ንግግር አደረገ፣ እኔ ተረጎምኩ። ከዛሬ ጀምሮ ከየቡድኑ በየወሩ አንድ አርአያ ሠራተኛ ይመረጣል። የተመረጠው ቀይ ሪባን ከነአበባው ደረቱ ላይ ታጥቆ ፎቶው በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ብርድ ልብስ ይሰጠዋል። የሕንፃው ኮንክሪት ሲጠናቀቅ ደግሞ ከየቡድኑ የበለጠው አንድ ሰው ቋሚ ይሆናል፣ ደብዳቤ ተጽፎለት ወደሚቀጥለው ሕንፃ ይዛወራል። ሌላው ይሰናበታል ማለት ነው። ይሄን እሱ አላለም፣ እኔም አልተረጎምኩም፣ ግን ሁሉም ሰምቶታል።

ከፌሮ ሠራተኞቹ፣ ከብረት አጣፊዎቹ መሀል አንድ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ፣ ሠላሳውን ያለፈ ዝምተኛ ሰው ነበር። እጁ ግን ጉድ ነው። ስታፋ የሚባለውን፣ የኮለኑን፣ የምሰሶውን ብረት ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ሌላው አንዱን አጥፎ እስኪጨርስ እሱ ሦስተኛውን ይጀምራል። አሥራ አንድ ዓመት በቀን ሥራ ሲዞር ስሙ ያለበት ባለ ማኅተም ወረቀት አግኝቶ አያውቅም። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። ትልቋ በመስከረም ትምህርት ትጀምራለች፤ እሱ ደግሞ ሁሉንም እዚህ አምጥቶ አብሯቸው መኖር ነው ምኞቱ። ቋሚ ካልሆንኩ ለነገ ማረፊያ ሳይኖረኝ እንዴት ብዬ ልጆች አመጣለሁ ይለኛል። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“እህቴ፣ ይሄ ቋሚ የሚሉት ነገር እውነት ነው?”

“ካድሬ ቃል ሲገባ አትመን” አልኩት። “ዘይቱን ከሰጡህ ተቀበል፤ ሌላውን እርሳው።”

እሺ ብሎ ሄደ። እንዲህ በይ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። የማውቀው ነገርም አልነበረም፤ ማለቴ፣ ሰውዬውን ካየሁት ገና ሦስት ሳምንቴ ነው። ግን አፌ ላይ ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠው መልስ እሱ ነበር።

እሱ ግን ልቡ አላረፈለትም መሰለኝ፣ ወሩን ሙሉ ቀና ሳይል ሠራ፤ አንደኛም ወጣ። ሪባኑን ታጥቆ ፎቶ ሲነሣ ትከሻው ላይ አንድ ነገር የጫኑበት ይመስል ነበር። ፎቶው በተለጠፈ ማግስት ለፌሮ ቡድን በሙሉ አዲስ የቀን ልክ፣ በቀን መታጠፍ ያለበት የስታፋ ብዛት፣ ወጣ። ልኩ ወደ እሱ ቁጥር የተጠጋ ነው። እስከ ትናንት የሚያኮራው ሥራ ዛሬ የሁሉም ግዴታ ሆነ። ያን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ካቦው ወረቀቱን ሰምቶ ሲያበቃ “ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት” አለና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፈጣኑ፣ ከሆሳዕናው ሰው ጋር ምሳ የሚቀምስ ጠፋ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልነካውም፤ ሰላም ሲላቸው ሰላም ይሉታል። ግን ሲመጣ ወሬው ይቆማል። አንዱ እንዲያውም ከመጀመሪያውም ከካድሬው ጋር ተነጋግሮበት ነው ብሎ አስወራ። በምን ቋንቋ ነው የተነጋገረው ብዬ ተቆጣሁ። ያ ሰውዬ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ገባኝ። ለካስ እኔንም ይጠረጥሩኝ ነበር።

መላውን ያመጣው ካቦው ነው። ስድሳ የቀረበ የስልጤ ሰው ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የዕቁብ ሰብሳቢ ሆኖ የኖረ፤ ሁለት ሰው ሲጣላ እንኳ ዕጣ ጣሉ የሚል። ይሄም ነገር እንደ ዕቁብ ይሁን አለ። ሁሉም ልኩን ያህል ብቻ ያስመዘግባል፣ ከዚያ አያልፍም። በየወሩ ዕጣ የወጣለት ሰው ከሌሎቹ ጥቂት ጥቂት ስታፋ ይጨመርለትና እሱ አርአያ ይባላል። ብልጫዋ ትንሽ ስለሆነች ልኩን ዳግም የሚያስነሣ አይኖርም፤ ዘይቱም ብርድ ልብሱም ለሁሉም በየተራ ይደርሳል። ልኩን መድረስ ለሚያቅተው ፈጣኑ ከትርፉ ያካፍለዋል። ፈጣኑ ራሱ ግን ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ እሱ አንዴ በልቷል።

በዕቁብ ሕግ ይሄ ፍጹም ትክክል ነው። የበላ ሰው ድጋሚ ዕጣ አያወጣም፣ መክፈሉን ግን ይቀጥላል። ፈጣኑም አልተከራከረም፤ ወይ መገለሉ በቅቶት ነው፣ ወይ እኔ ቋሚነቱን እርሳው ያልኩትን አምኖ ነው። የቀሩት የስምንቱ ፌሮ ሠራተኞች ስም በወረቀት ተጠቅልሎ ሄልሜት ውስጥ ገባ። ከዕጣው የምታገኘው ጥቅም የላትም ተብዬ እንደ ዕቁብ ዳኛ ወረቀቱን የማወጣው እኔ ሆንኩ። ካቦው በየሳምንቱ የሚነግረኝን ቁጥር በቻይንኛ ጽፌ የማስረክበውም እኔው ነኝ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን ካድሬውን መሸወዳችን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያስደስተኝ ነበር።

ወራት አለፉ። በየወሩ አዲስ ፊት ሰሌዳው ላይ ይወጣል፣ ጸሐፊው ያጨበጭባል። ከዚያ የፌሮ ማጠፊያው አጠገብ መቆም አበዛ። ጠርሙሱን ይዞ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ምንም አይልም። አንድ አናጢ ታሞ ሲቀር ብርቱካን ገዝቶ ወሎ ሰፈር ድረስ ሊጠይቀው ሄደ፣ እኔን አስከትሎ። የሰውዬውን የልጆች ብዛት፣ የቤቱን ኪራይ፣ የት እንደተወለደ ጠየቀና ደብተሩ ላይ ጻፈ። በማግስቱ ሠራተኛው በሙሉ አናጢው ሊባረር ነው ብሎ ደመደመ። አልተባረረም። እንግዲያው አናጢው ጆሮ ጠቢ ሆኗል አሉ።

ይሄን ለአባዬ ስነግረው የጀመረውን ጉርሻ መለሰው። ከዚያ በሕይወቱ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። በደርግ ጊዜ፣ ፋብሪካ ሲሠራ፣ እሱም ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ነበር። የፋብሪካው የፓርቲ ሰው ደግ ነበር፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የልጆች ስም ያውቃል። አንድ ቀን ሻይ ቤት አጠገቡ ቁጭ አለና በራሱ ላይ ግለሂስ አደረገ፤ በእናንተ ላይ ጫና አብዝቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እስቲ አንተ ደግሞ ማሽኖቹ ለምን እንደሚቆሙ ንገረኝ አለው። አባዬም ልቡ ተነካ። አንድ የጥገና ሠራተኛ ጓደኛው ሆነ ብሎ ሥራ እንደሚያጓትት ተናገረ። ይመከራል ብሎ ነበር። ያ ጓደኛው በዚያው ሳምንት ከሥራ ቦታው ተወሰደ፣ ተመልሶም አልመጣም። አባዬ ይሄን ሲነግረኝ አላየኝም፣ ሰሐኑን ነው የሚያየው። “ራሱን ሲወቅስልሽ ካየሽ፣ አፍሽን የምትዘጊው ያኔ ነው” አለኝ።

የመጨረሻው ሶሌታ፣ የላይኛው ወለል ኮንክሪት፣ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጸሐፊው ቢሮው ጠራኝ። ብቻውን ነው። ወንበር አቀረበልኝ። ደብተሩን ገለጠና ወደ እኔ አዞረው። የዘጠኙ ወር ቁጥር፣ በእኔ እጅ ያለፈው ሁሉ፣ በመስመር ተሥሎ ተቀምጧል።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሥራ የጀመረው ፌሮ በማጠፍ እንደነበር ነገረኝ፤ እጁን ዘርግቶ የጠመመ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ የፈጣኑን መስመር ነካው። በመጀመሪያው ወር ከሁሉም በላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ልኩ ላይ ተኝቷል። በወረቀቱ ካየነው ሽልማቱን ወስዶ የሰነፈ ሰው ነው። ዝቅ ብሎ የሌላውን መስመር ነካ። ይሄኛው ወገቡን የሚያመው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ሠራተኛ ነው። ከታች ተነሥቶ በየወሩ ከፍ እያለ፣ የመጨረሻው ዕጣ ለእሱ ስለወጣ፣ በመጨረሻው ወር ከሁሉም በላይ ሆኗል። ያ ከፍታ ከማን እጅ እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። ሰውዬው ጎንበስ ማለት ባቃተው ቁጥር ፈጣኑ ነበር የሚያጥፍለት።

“እኔ የዚህን ሰው እጅ አይቼዋለሁ” አለ የፈጣኑን ስም እያሳየኝ። “ወረቀቱን አላምነውም። ምን ሆኖ ነው?”

ደብተሩን ተጠግቼ የማነብ መሰልኩ።

“ልኩን በማግስቱ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስህተት ነበር። እሱን ጎድቼው ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለቋሚነት የምጽፈው አንድ ስም ነው፣ ነገ ይሄዳል።”

ይኸው መጣ አልኩ በልቤ። ይኸው ግለሂሱ። ብርቱካኑም፣ ጣቱን ማሳየቱም፣ ወንበሩም ለዚህ ነው። እውነቱን ብነግረው ቁጥሩ ሁሉ ሐሰት መሆኑን ራሴ መሰከርኩ ማለት ነው፤ ዘጠኙም ይባረራሉ፣ ካቦው ይባረራል፣ እኔም አብሬ። ደግሞ ሌላ ነገርም አሰብኩ፤ አልደብቅም። ፈጣኑ ጎበዝ ነው ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ዕጣውን ሳላነሣ፣ ማንንም ሳልነካ፣ ሦስት ቃል። ያንንም ፈራሁ። አንዴ አፌን ከከፈትኩ የሚከተለውን ጥያቄ ፈራሁ።

“አላውቅም” አልኩት። “ሁሉም እኩል ናቸው።”

አልተቆጣም። ደብተሩን ወደ ራሱ አዞረና ዘጋው፣ አመሰግናለሁ አለኝ። ስወጣ አመለጥኩ ብዬ እንደ ልጅ ደስ ብሎኛል። ማታ ለአባዬ ስነግረው ደህና አደረግሽ አለኝ።

የማኅተሙ ደብዳቤ እውነት ነበር። ጸሐፊው ቃሉን ጠበቀ። በስንብቱ ቀን ሁሉም ተሰለፈ፣ እኔም እንደ ልማዴ ከጎኑ ቆሜ ተረጎምኩ። ከታች ተነሥቶ፣ በሽታውን አሸንፎ፣ በትጋት ከሁሉም በላይ ስለወጣ ሠራተኛ ተናገረ፤ ለመላው ኩባንያ ምሳሌ እንደሚሆን ተናገረ። ከዚያ ወገቡን የሚያመውን ሰው ጠራው። ሰውዬው ክው ብሎ ቀረ። መጀመሪያ ወደ ፈጣኑ ነው ያየው። ከዚያ ሄዶ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አምስት ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ። ሲያለቅስ ጸሐፊው የደስታ እንባ መሰለው። እኔ ቃሉን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩ፤ እንደዚያ ቀን አጥርቼ ተርጉሜ አላውቅም። ፈጣኑ ከኋላው ረድፍ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር።

አባዬን ጠላሁት፤ በዚያች ሰዓት እውነት ጠላሁት። ከዚያ ደግሞ አባቴ ምን አደረገ፣ አባቴ እዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም አልኩ። ጸሐፊው ወጥመድ ይሁን፣ ደግ ሰው ይሁን፣ እስከ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ልኩን ያነሣው እሱ ነው፤ ቃሉን የጠበቀውም እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው መበተን ሲጀምር ፈጣኑ በሩ ጋ አገኘኝ። የሥራ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል። ለካቦው አልተከፋም፣ ለወገብ በሽተኛውም እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። ተራ ወሬ አወራን፣ ወዴት ልትሄድ ነው አልኩት፣ እስቲ ቀን ሥራ እፈልጋለሁ አለኝ። ሊሄድ ዞረና እንደገና ተመለሰ።

“እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰውዬው ስለ እኔ ጠይቆሽ ያውቃል?”

“አልጠየቀኝም” አልኩት።

“እኔም ብያለሁ” አለ። “ቢጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪው ነበር።”

ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ እጄን በሁለት እጁ ያዘና አመስግኖኝ ሄደ።